ነፃው ቴአትር፦ ጆን ኦኒል እና የሚሲሲፒ ተመልካቾቹ

የጆን ኦኒልን ስም መጀመሪያ ያየሁት ስለ ቴአትር ሳነብ አይደለም። ስብሰባ አንገሽግሾኝ መፍትሔ ስፈልግ ነው።

የምሠራበት ቡድን ዘጠኝ ሰው ነው። ሶፍትዌር እንሠራለን፤ በየሁለት ሳምንቱ አርብ ከሰዓት ክፍል ዘግተን «ምን ጥሩ ሄደ፣ ምን ተበላሸ» እንባባላለን። ሲወራ ደስ ይላል። በተግባር ግን ሁሌም የሚናገሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። የቀሩት ስድስቱ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሰዓት ያያሉ፣ ቡና ይጠጣሉ። አንድ ሰሞን ሲስተማችን ሌሊት ሌሊት እየወደቀ አስቸገረን። ሦስታችን በየስብሰባው ስንከራከር ሁለት ሳምንት አለፈ። በኋላ እንደተረዳነው ችግሩ የት እንዳለ የምታውቅ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ነበር። ማንም አልጠየቃትም፤ በእኛ ጩኸት መሀል ደግሞ መግቢያ ቀዳዳ አላገኘችም።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚያስተካክል ዘዴ ስፈልግ ነው የወግ ክብ ላይ የደረስኩት። ስሙን እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት፤ «የታሪክ ክበብ» ብዬ ብተረጉመው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ይመስላል። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ በተራ በተራ የደረሰባቸውን ያወራሉ፣ ሌላው ያዳምጣል። በቃ። ይሄ ምኑ ዘዴ ነው ብዬ ልዘጋው ስል «ይህን አሠራር ያዳበረው» የሚል መስመር አየሁ። ከመስመሩ ጀርባ ኒው ኦርሊንስ የኖረ፣ በ2019 ያረፈ ጥቁር አሜሪካዊ የቴአትር ሰው አለ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እሱ ማንበብ ጀመርኩና የራሴን ስብሰባ ረሳሁት።

ኦኒል በ1940 ኢሊኖይ ውስጥ ማውንድ ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንግሊዝኛና ፍልስፍና አጥንቶ በ1962 ተመረቀ። ሕልሙ ኒው ዮርክ ሄዶ ጸሐፌ ተውኔት መሆን ነበር። ነገር ግን ያኔ የአሜሪካ ደቡብ እየነደደ ነው፤ የእሱ እኩዮች ነጮች ብቻ የሚስተናገዱበት ምግብ ቤት ገብተው እየተቀመጡ ይደበደባሉ፣ አውቶቡስ ተሳፍረው እየሄዱ ይታሰራሉ። ኦኒል ትንሽ ጊዜ ለትግሉ ልስጥና ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ እሄዳለሁ ብሎ ወደ ደቡብ ወረደ። የ«ትንሽ ጊዜ» ነገር እንዴት እንደሆነ ኮድ የምትጽፉ ታውቁታላችሁ። «ለጊዜው» ብለን የጻፍነው መስመር ነው አምስት ዓመት የሚከርመው። የእሱ «ለጊዜው» ዕድሜውን ሙሉ ቆየ።

የተቀላቀለው «ስኒክ» እየተባለ የሚጠራውን የተማሪዎች የሰላማዊ ትግል አስተባባሪ ኮሚቴ ነው። የመስክ ሠራተኛ ሆኖ የተመደበው ደግሞ ሚሲሲፒ። ሚሲሲፒ ያኔ ምን እንደነበረች ካልገባን ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ የኪነ ጥበብ ወሬ ብቻ ይሆንብናል፣ ስለዚህ እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

በ1962 ዕድሜያቸው ለመምረጥ ከደረሰ የሚሲሲፒ ጥቁሮች ውስጥ በመራጭነት የተመዘገቡት ከመቶ ሰባት እንኳ አይሞሉም ነበር። ለመመዝገብ የሄደ ሰው ከግዛቲቱ ሕገ መንግሥት አንድ አንቀጽ አውጥተው አንብበህ ተርጉም ይሉታል። ትርጉሙ ትክክል ነው አይደለም የሚለው መዝጋቢው ራሱ ነው። መልሱን አስቀድሞ የወሰነ ፈታኝ ማለት ነው። በዚያ ላይ የአመልካቹ ስም በአካባቢው ጋዜጣ እንዲወጣ የሚያዝ ሕግ ነበር፤ ስለዚህ አሠሪህ ያነበዋል፣ ዱቤ የሚሰጥህ ባለሱቅ ያነበዋል፣ ሌሊት መኪና ይዘው የሚዞሩትም ያነቡታል። ፋኒ ሉ ሄመር የሚባሉ የጥጥ እርሻ ጢሰኛ በ1962 ልመዝገብ ብለው ሄደው ሲመለሱ ለአሥራ ስምንት ዓመት ከኖሩበት እርሻ በዚያው ቀን ተባረሩ። በማግስቱ ዓመት ዊኖና በምትባል ከተማ እስር ቤት ውስጥ ተደበደቡ፤ ጉዳቱ እስኪሞቱ ድረስ አልተዋቸውም።

ይህን ሁሉ ደግሞ የሚነግርህ የለም። ጃክሰን ከተማ ውስጥ ደብሊው ኤል ቢ ቲ የሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር። ከኒው ዮርክ በሚተላለፈው ፕሮግራም ላይ ስለ ጥቁሮች መብት የሚያወራ ሰው ብቅ ሲል ሥርጭቱን ይቆርጥና «ይቅርታ፣ የመስመር ችግር ገጥሞናል» የሚል ጽሑፍ ይለጥፋል። (እኛ አገር ያደግን ሰዎች በዚህ ዓይነት የቴክኒክ ችግር ብዙም አንደነቅም።) ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ጥቁር ተመልካቾች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ታግለው በ1969 የጣቢያው ፈቃድ እንዲሰረዝ አድርገዋል። ግን ያ ገና ሩቅ ነው። በ1963 ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁር የሆነ ገበሬ የራሱን ኑሮ በጋዜጣም፣ በስክሪንም፣ በመማሪያ መጽሐፍም አያየውም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሜድጋር ኤቨርስ የሚባለው የመብት ታጋይ ጃክሰን ውስጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደለ።

ቴአትሩ የተወለደው ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ኦኒል፣ ዶሪስ ደርቢ እና ጊልበርት ሞዝስ የሚባሉ ሦስት ወጣቶች። ሦስቱም ከሃያ አምስት ዓመት በታች፤ እኔ አሁን ካለሁበት ዕድሜ ያነሱ ስለሆኑ አንቱ ለማለት አንደበቴ እምቢ አለኝ። ደርቢ ከኒው ዮርክ ብሮንክስ የመጣች መምህርት ናት፤ ሥዕል ትሥላለች፣ ሚሲሲፒ ያመጣት የጎልማሶች ማንበብና መጻፍ ትምህርት ነው። ሞዝስ ከክሊቭላንድ መጥቶ ለአንድ ትንሽ የጥቁሮች ጋዜጣ የሚሠራ፣ ትወናም የሚያውቅ ልጅ ነው። የምናውቀው ታሪክ እንደሚለው ኦኒልና ሞዝስ ስለ ቴአትር ሲያወሩ፣ እዚህ ጦር ሜዳ ውስጥ ይሄ ነገር ቦታ ይኖረው ይሆን እያሉ ሲጠራጠሩ፣ ደርቢ ናት የቆረጠችው፦ ቴአትር የትም ቦታ ትርጉም ካለው እዚህማ ሊኖረው ግድ ነው የሚል ሐሳብ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ስለዚህ ቡድን የሚጻፉ ጽሑፎች ላይ የደርቢ ስም ብዙ ጊዜ በኮማ መሀል ነው ያለው፤ «ኦኒል፣ ደርቢ እና ሞዝስ» ይባልና ቀጥሎ ስለ ወንዶቹ ይወራል። እኔም ይኸው የኦኒልን ስም ርዕስ ላይ አስቀምጫለሁ። በኋላ ወደ ፎቶግራፍ ዞራ የሚሲሲፒን ሴቶች፣ ሕፃናትና የእርሻ ሠራተኞች ስታነሳ ኖራ በ2022 አረፈች። ዛሬ ያንን ዘመን በፊቶች የምናየው በከፊል በእሷ ካሜራ ነው። ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባታል።

መነሻቸው ጃክሰን ዳር ያለው የጥቁሮች ኮሌጅ ቱጋሉ ነበር። የቡድኑን ስም በእንግሊዝኛ ፍሪ ሳውዘርን ቲያትር አሉት። ወደ አማርኛ ስመልሰው ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም የእኛ «ነፃ» ልክ እንደ እነሱ ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። ነፃው የደቡብ ቴአትር። መግቢያው በነፃ ነው፣ የሚወራው ስለ ነፃነት ነው። ሁለቱም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ትኬት ቢሸጡ ኖሮ የሚመጣው ገንዘብ ያለው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ የፈለጉት ተመልካች አልነበረም።

በ1964 ክረምት፣ ከሰሜን የመጡ ወደ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ለመራጮች ምዝገባ ሚሲሲፒን ባጥለቀለቁበት ወቅት፣ የመጀመሪያውን ጉዞ ጀመሩ። ዘመቻው ገና ሲጀምር ቼኒ፣ ጉድማንና ሽወርነር የተባሉ ሦስት የመብት ሠራተኞች ጠፍተው አስከሬናቸው ነሐሴ ላይ ከግድብ አፈር ሥር ወጥቷል። ቴአትረኞቹ የሚነዱት በእነዚያው መንገዶች ላይ ነው። ጥቁርና ነጭ አንድ መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ የመድረክ ዕቃ ጭነው። ይህ ብቻውን ለመታሰር በቂ ምክንያት ነበር።

የያዙት ተውኔት «በነጭ አሜሪካ ውስጥ» ይባላል፤ ማርቲን ዱበርማን የተባለ የታሪክ ሰው ያዘጋጀው ነው። ልብ ወለድ የለበትም። ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ቃል፣ የማስታወሻ ደብተር እየተቆራረጠ የተሰፋ ሲሆን ከባሪያ መርከብ ተነስቶ እስከ 1957ቱ የሊትል ሮክ ትምህርት ቤት ግርግር ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አሳዩት፣ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ አሳዩት፣ ሜዳ ላይ አሳዩት። ማኮም በምትባለው ከተማ መድረኩ የቆመው የትግሉ ልጆች የሚኖሩበት፣ በዚያው ክረምት በቦምብ የተመታው ቤት ጓሮ ነው። እስቲ ይህን አስቡት። አዳራሽ ስላጡ ብቻ አይደለም፤ ቦምቡ ሰውን ለመበተን ተጥሎ ነበር፣ ሰው ግን እዚያው ግድግዳ ሥር ወንበር አወጣ።

ከተመልካቹ አብዛኛው ተውኔት በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ተመልካች ዝም ማለት እንዳለበትም የነገረው የለም። የሚያውቀው ስብሰባ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሰባኪው ሲናገር ሕዝቡ ይመልሳል። ተዋናዩ ያንን የባሪያ ምስክርነት ሲያነብ «ልክ ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ ይመጣል፣ ዘፈን ሲጀመር አዳራሹ አብሮ ይዘፍናል። የኒው ዮርክ ተዋናይ ይህ ሲገጥመው መጀመሪያ ይደነግጣል። ከዚያ ግን ማን ለማን እያሳየ እንደሆነ መጠየቅ ይጀምራል።

ጉዞው ሲያልቅ ቡድኑ አልተበተነም። በመከር ሁለት ተውኔት ይዞ ተመለሰ። አንደኛው ኦሲ ዴቪስ የጻፈው «ድል አድራጊው ፐርሊ» ነው፣ የጥጥ እርሻ ጌታን የሚያላግጥ አስቂኝ ሥራ። ይህ ይገባል። ሁለተኛው ግን የሳሙኤል ቤኬት «ጎዶን በመጠበቅ» ነው።

ጎዶን ላላያችሁት፦ ሁለት ሰዎች አንድ ዛፍ ሥር ቆመው ጎዶ የሚባል ሰው ይጠብቃሉ። አይመጣም። ሁለተኛው ክፍል ላይም ይጠብቃሉ፣ አሁንም አይመጣም። ያ ነው። በ1953 ፓሪስ ሲታይ የተማረው ሰው ሁሉ ምን ማለቱ ነው እያለ ሲጨቃጨቅበት የነበረ ተውኔት ነው። ይህንን አንድ ቀን ሙሉ ጥጥ ሲለቅም ለዋለ ሰው፣ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ? ሳነበው እኔም ሳቅሁ። ይህ የተማሪ ትዕቢት ነው አልኩ። ካዘጋጆቹ አንዱ በኋላ በፊልም የታወቀው ነጩ ተዋናይ ጀምስ ክሮምዌል መሆኑን ሳይ ደግሞ ጭራሽ ጥርጣሬዬ ጨመረ።

ከዚያ ሩልቪል ደረሱ። ሩልቪል የወይዘሮ ሄመር ከተማ ናት። ወይዘሮ ሄመር በዚያ ዓመት ብዙ ርቀው ሄደው ነበር። ነሐሴ ላይ አትላንቲክ ሲቲ በዴሞክራቶች ጉባኤ ፊት ቀርበው የደረሰባቸውን ድብደባ ለመላው አገሪቱ በቴሌቪዥን ተናገሩ፤ መስከረም ላይ ከስኒክ ልዑካን ጋር ጊኒ ድረስ ተጉዘዋል። (ከዚያው ቡድን ጆን ሉዊስና ዶናልድ ሃሪስ ጉዟቸውን ቀጥለው ኢትዮጵያንም ረግጠዋል።) እና እኚህ ሴት ጎዶን አዩ። በዕረፍት ሰዓት ተነስተው ለተሰበሰበው ሰው ተናገሩ። ሐሳባቸው በእኔ አፍ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ይህንን ተውኔት ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ እኛ ወደኋላ የቀረነው እኮ እንደ እነዚህ ሰዎች ነፃነትን የሚያመጣልን ሰው ስንጠብቅ ነው፤ ማንም ምንም አያመጣልንም፣ ተነስተን መታገል ነው ያለብን።

ለዓመታት መጽሐፍ የተጻፈበትን ጥያቄ አንዲት ስድስተኛ ክፍልን ያለፉ የማይመስለኝ ገበሬ ዕረፍት ሰዓት ላይ ዘጉት። ትርጉሙ «ትክክል» ነው ወይ የሚለው ምሁራንን ያነጋግር። ለእኔ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ሕገ መንግሥት ተርጉሚ ብለው መዝጋቢዎቹ የጣሏቸው ሴት እዚህ ማንም ሳይፈትናቸው ተረጎሙ።

ማጋነን አልፈልግም። ሁሉም ቦታ እንደ ሩልቪል አልነበረም። ግራ ተጋብቶ የወጣም ብዙ ነው፤ ቡድኑ ውስጥም ጎዶን ይዞ መምጣቱ ልክ ነው አይደለም እያሉ ተከራክረዋል። ጥያቄው እየሰፋ ሄደ። ከኒው ዮርክና ከፓሪስ የመጣ ጽሑፍ ይዘን ለሚሲሲፒ ሰው «ይኸው ያንተ ቴአትር» ማለት ምን ማለት ነው? የእሱ ታሪክ የታለ?

ከየዝግጅቱ በኋላ ተመልካቹን አስቀምጠው ውይይት ያደርጉ ነበር፤ ይህን እንደ ሥራው አካል ነው የሚያዩት። ችግሩ እኔ አርብ አርብ የማየው ችግር ነው። «ምን ተሰማችሁ? ጥያቄ ያለው?» ሲባል እጁን የሚያወጣው ያው ነው፦ ሰባኪው፣ መምህሩ፣ ከከተማ የመጣው ተማሪ። ሐሳብና ሐሳብ ይጋጫል፣ ክርክር ይነሳል፣ የሚችል ያሸንፋል፣ የማይችል ዝም ይላል። ኦኒል ግን አንድ ነገር አስተዋለ። አንዳንዴ አንድ ሰው ተነስቶ ሐሳብ ሳይሆን ታሪክ ሲናገር፣ «አባቴ አንድ ጊዜ…» ብሎ ሲጀምር፣ ክርክሩ ይቆማል። የሚቀጥለው ሰው «ውሸት ነው» አይልም፤ «እኔም እኮ» ብሎ የራሱን ያመጣል። ሐሳብን ማፍረስ ይቻላል። አባቱ የሆነውን ግን እንዴት ታፈርሰዋለህ?

ይህ ማስተዋል መልክ እስኪይዝ ዓመታት ፈጅቷል፤ በመሀል ቴአትሩ ብዙ ተንገላትቷል። ከ1965 ጀምሮ መቀመጫውን ኒው ኦርሊንስ አደረገ። የቱሌን ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሼክነር የመሰሉ ነጭ የሥራ አጋሮች ነበሩት፤ የጥቁር ኃይል ጥያቄ ሲነሳ ግን ቡድኑ በጥቁሮች ለጥቁሮች መሆን አለበት የሚለው ወገን አየለ፣ እነሱም ወጡ። ማን ልክ ነበር ብዬ ከዚህ ርቀት አልፈርድም፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገን የየራሱ ሕመም እንደነበረው ሲጽፉ ይታያል። ኦኒል ራሱ በሕሊናው ምክንያት አልዘምትም ብሎ ከጦር ሠራዊት ይልቅ ኒው ዮርክ ውስጥ አማራጭ አገልግሎት እንዲሰጥ ስለተደረገ ለሁለት ዓመት አልነበረም። እስቲ ግጥምጥሙን እዩት፦ ኒው ዮርክ የደረሰው እንዲህ ሆኖ ነው። ሞዝስ ወጥቶ ብሮድዌይ ላይ አዘጋጅ ሆነ፣ «ሩትስ» ከተባለው ታዋቂ ተከታታይ ፊልም ክፍሎች ውስጥም ሁለቱን አዘጋጅቷል። ቶም ዴንት የተባለው የኒው ኦርሊንስ ገጣሚ ደግሞ የጽሕፈት ወርክሾፕ ከፍቶ የሰፈሩ ልጆች የራሳቸውን ተውኔትና ግጥም እንዲጽፉ አደረገ። በእኔ ዓይን የዚያ ዘመን ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የ1964ቱን ጥያቄ በተግባር የመለሰው እሱ ነው።

ገንዘብ ደግሞ አለ። መግቢያ በነፃ የሚያደርግ ቴአትር የሚኖረው በሰሜን ባሉ ለጋሾችና ድርጅቶች ደግነት ነው። ሚሲሲፒ ዜና መሆኗ ሲቀር ደግነቱም ቀጠነ። ክፍት ኮድ ጽፋችሁ የምታውቁ ይህን ሕይወት ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም ይጠቀምበታል፣ የመብራት የሚከፍል የለም። በ1980 ነፃው የደቡብ ቴአትር በሩን ዘጋ።

ብዙ ድርጅት ሲሞት ማንም ሳይነግረው ነው የሚሞተው፤ ስልኩ ይዘጋል፣ ማስታወቂያው ይወልቃል፣ በቃ። ኦኒል ይህን አልፈለገም። በ1985 የቴአትሩን የድሮ ሰዎች ኒው ኦርሊንስ ሰበሰበና ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ለውጥ ለቀናት ሲነጋገሩ ከቆዩ በኋላ ቀብር አደረገለት። እውነተኛ የኒው ኦርሊንስ ቀብር፣ የማርሽ ባንድ ያለው። ሬሳ ሣጥኑ ውስጥ የቴአትሩ ማስታወሻ ዕቃዎች ገቡ። በዚያ ከተማ ልማድ ባንዱ መጀመሪያ በቀስታ የሐዘን ዜማ እየተጫወተ ይሄዳል፤ ሟቹ ከተሰናበተ በኋላ ዜማው ይዞርና ሰዉ በጭፈራ ይከተላል።

ኦኒል ግን ከዚያ በፊት በ1980 ሌላ ነገር ጀምሮ ነበር፣ ጁንባግ ፕሮዳክሽንስ። ስሙ የተወሰደው ከጁንባግ ጃቦ ጆንስ ነው፤ ይህ ሰው በሕይወት ያልነበረ፣ የስኒክ ልጆች እየተጫወቱ የፈጠሩት፣ የተራውን ሕዝብ ብልሃት የሚወክል ገጸ ባሕርይ ነው። አንድ ጥሩ አባባል ሰምተው ማን እንዳለው ካላወቁ «ጁንባግ ነው ያለው» ይላሉ። የእኛን አለቃ ገብረ ሃና ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ልዩነቱ አለቃ በእውነት የኖሩ ሰው መሆናቸው ነው። ኦኒል ይህን ገጸ ባሕርይ ብቻውን መድረክ ላይ ይዞ ወጣ፤ የመጀመሪያው ተውኔት ርዕስ በግርድፉ «ወሬ አታስጀምሩኝ፣ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ» እንደ ማለት ነው። አንድ ሰው፣ አንድ መድረክ፣ ብዙ ታሪክ። ለዓመታት አገር ላገር ዞረበት፤ ታሪኮቹ የተለቀሙት ከሰው አፍ ነው።

የወግ ክቡ እዚህ ዘመን ላይ ነው ሕግ ያለው ነገር የሆነው። ሕጉን ሳነበው የኮምፒውተር መረብ ትምህርት ትዝ አለኝ። ቶከን ሪንግ የሚባል አሮጌ ፕሮቶኮል ነበር፤ ኮምፒውተሮቹ በክብ ይያያዙና አንዲት ምልክት ከአንዱ ወደ ሌላው ትዞራለች። መላክ የሚችለው ምልክቷን የያዘው ብቻ ነው። ማንም በማንም ላይ አይጮህም፣ ጉልበተኛው መስመሩን አይቆጣጠርም። የወግ ክቡም እንዲሁ ነው። ክብ ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ከኋላ የሚቀመጥ ታዛቢ የለም። እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ደቂቃ አለው። አስተያየት ሳይሆን የሆነን ነገር ትናገራለህ። ታሪክ ካልመጣልህ «ልለፍ» ትላለህ፣ ተራው ተመልሶ ይመጣል። ማንም አያቋርጥም፣ ማንም አያርምም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሌላው ሲያወራ የራስህን አታዘጋጅም። ኦኒል ደጋግሞ የሚለው ይህን ነው፤ ከመናገሩ ማዳመጡ ይበልጣል፤ በደንብ ካዳመጥክ ያንተ ታሪክ ከሰማኸው ውስጥ ተነስቶ ይመጣል።

ፕሮቶኮል ከአንድ ዓይነት ማሽን ጋር ብቻ ከሠራ ዋጋ የለውም። ይህኛው የተፈተነው ከሮድሳይድ ቴአትር ጋር ነው። ሮድሳይድ ኬንታኪ ተራሮች ውስጥ ያለ፣ የድሃ ነጮችን፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን ታሪክ የሚጫወት ቡድን ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኩ ክሉክስ ክላን እንደገና ሲያንሰራራ ሁለቱ ቴአትሮች እየተጠያየቁ አንዱ የሌላው አገር ሄዶ ማሳየት ጀመሩ። ጥቁሩ ተረተኛ ለነጭ ተራራ ሰው፣ ነጩ ለደቡብ ጥቁር። በኋላ «ጁንባግ እና ጃክ» የሚል ተውኔት አብረው ሠሩ፤ ጃክ የተራራው ሰው የተረት ጀግና ነው። የሚገርመው ለአስተናጋጁ ከተማ የሚያስቀምጡት ቅድመ ሁኔታ ነው፦ ከተለያየ ቤተ ክርስቲያንና ሰፈር የተውጣጣ የራሳችሁ መዘምራን አቋቁማችሁ ጠብቁን። ነጩና ጥቁሩ መዘምር ተውኔቱ ከመምጣቱ በፊት ልምምድ ላይ ይገናኛል። ተውኔቱ እንግዲህ ከመጋረጃው በፊት ጀምሯል።

ኦኒል ይህንኑ አሠራር ይዞ የመብት ትግሉን ዘመን ታሪክ ከየከተማው ሰው አፍ የሚሰበስብ ፕሮጀክትም አካሂዷል። ሐሳቡ ስለ ትግሉ የምናውቀው የመሪዎቹን ስም ነው፣ ትግሉ ግን የሠሩት ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው የሚል ነው። የካቲት 2019 ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ሲያርፍ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነበር።

ወደ እኛ ስብሰባ ልመለስ፣ ከዚያ ልጨርስ። አንድ አርብ «ዛሬ ምን ጥሩ ሄደ፣ ምን ተበላሸ የለም» አልኩ። ወንበሮቹን ክብ አደረግን፤ ጠረጴዛውን ለመግፋት ራሱ ክርክር ነበረው። «ሲስተሙ የወደቀበት ሌሊት የት ነበራችሁ? እሱን ብቻ ተናገሩ፤ ሦስት ሦስት ደቂቃ» አልኩ። የመጀመሪያው ዙር አሳፋሪ ነበር። አንዱ ታሪክ ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ሌላው ቀልድ ጀምሮ ሳይጨርስ ተወው። እኔ ራሴ አንድን ሰው ላርም አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ዘጋሁት።

ያቺ ልጅ መጀመሪያ «ልለፍ» አለች። ሁለተኛው ዙር ላይም አለፈች። በሦስተኛው ዙር ያን ሌሊት እናቷን ሆስፒታል እያስታመመች እንደነበር፣ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ በስልኳ ስህተቱን እያነበበች ምክንያቱ እንደገባት፣ ለቡድኑ ልትጽፍ ስትል እኛ ሦስታችን ግሩፑ ላይ ሰማንያ መልእክት ጽፈን እንደጠበቅናት፣ ያን ሁሉ ወደ ላይ ወደ ታች አንብባ ስትጨርስ «በቃ እነሱ ደርሰውበታል» ብላ ስልኳን ኪሷ እንደከተተች ነገረችን። እናቷ መታመማቸውንም ያን ቀን ነው የሰማነው።

ሦስት ደቂቃው አልቆ ስልኬ ጮኸ፤ ማጥፋት ረስቼው ነበር። ቀጥሎ ያለው ልጅ ተራው ቢሆንም «ትጨርስ» አለ።